ማርማላታውን በምን እንሙላው? ጎጃም ውስጥ ለሚሠራ ማርማላታ የማሸጊያ ንጽጽር

አክስቴ ደብረ ማርቆስ ጓሮዋ ውስጥ አራት የኮክ ዛፍ አላት። ኮክ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም አንዴ ነው የሚደርሰው። ግማሹን የሰፈር ልጆች ይበሉታል፣ ወፍም ድርሻውን ያነሳል፣ የተረፈው መሬት ላይ ይበሰብስ ነበር። ይህ ሲያንገበግበን ነው ማርማላታ መሥራት የጀመርነው። እኔ ባሕር ዳር ስላለሁ ማንጎና የዘጌ ሎሚ ጨመርኩበት። ማርማላታው ጥሩ ወጣ። ጣጣው የመጣው ከመያዣው ነው።

የመጀመሪያውን 48 ጠርሙስ አዲስ አበባ ስንልክ 11ዱ ዓባይ በረሃ ላይ ቀሩ። የተረፉትም በተሰበሩት ተለውሰው፣ ስቲከራቸው ተልጦ ደረሱ። የተቀበለችን ባለሱቅ ደውላ «እታለም፣ የላክሽልኝ ማርማላታ ነው ወይስ የንብ ቀፎ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርነው መያዣ የለም ማለት ይቻላል። የሚያምር ጠርሙስ የሚያሳያችሁ ሰው ሞልቷል። የዓባይን በረሃ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን በሰላም የሚሻገረው የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መመዘኛው

አንደኛው ሙቀት ነው። ማርማላታ ከእሳት እንደወረደ፣ ከ85 ዲግሪ ሳይወርድ መሞላት አለበት። ትኩሱ መያዣውንና ክዳኑን ከውስጥ ያጸዳል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ክዳኑን ወደ ታች ስቦ ያሽገዋል። መያዣው ይህን ሙቀት ሳይጣመም ካልቻለ ውበቱ ዋጋ የለውም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከኢንተርኔት የምናገኘው አሠራር ሁሉ «104 ወይም 105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» ይላል። ይህ ለባሕር ጠለል ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ በ1 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስላለች ውሃ 94 አካባቢ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ እዚያ 92 ይበቃዋል። ማርማላታ የሚረጋው ከውሃው መፍያ 4 ወይም 5 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። አክስቴ ዓይኗን ቴርሞሜትሩ ላይ ተክላ 104ን ስትጠብቅ ድስቱ ውስጥ የቀረው ከረሜላ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። መሀሉ ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ መልሶ መውጣት አለ። መኪናው ይንገጫገጫል፣ በረሃው ይሞቃል። የአየሩ ግፊትም ይለዋወጣል። የባሕር ዳር ሰው ከሆናችሁ ዕቃችሁ በረሃው ከመድረሱ በፊት ገና ደጋ ይወጣል፤ ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ፕላስቲኩ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ገዢ ውስጡን ማየት ይፈልጋል፣ ፀሐይ ደግሞ ውስጡን ታበላሻለች። የእንጆሪ ቀይ ቀለም የሱቅ መስኮት ላይ ሲሰነብት ወደ ቡናማ ይሄዳል። ማንጎና ሎሚ ትንሽ ይችላሉ።

አራተኛው ዋጋ ነው። ግን የባዶ ጠርሙሱን ዋጋ ብቻ አትቁጠሩ። ክዳኑን፣ ስቲከሩን፣ ካርቶኑን፣ መንገድ ላይ የሚሰበረውን ደምሩና በውስጡ ላለው ማርማላታ አካፍሉት። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፦ ልብሱ ሁሉ ተደምሮ ከመሸጫው ዋጋ አንድ አምስተኛ ካለፈ የምሸጠው ጠርሙስ እንጂ ማርማላታ አይደለም። ስጦታ ሲሆን ብቻ ይህን ደንብ እጥሳለሁ። ስንት ፍሬ ካልገዛችሁ እንደማይሸጡላችሁም ጠይቁ። በሺህ ቤት ብቻ የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ለጀማሪ ርካሽ አይደለም።

አምስተኛው በእኛ አገር ብቻ የማየው ነገር ነው። ማርማላታው አልቆ ዕቃው ምን ይሆናል? የጎጃም እናት ጠርሙስ አትጥልም። ቅመም፣ በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ ትይዝበታለች። እዚህ «ጠርሙሱ ለራስሽ ነው» ማለት የዋጋ ቅናሽ ያህል ይሸጣል።

አዲስ የመስታወት ጠርሙስ

ሙቀቱን ይችላል፣ ሽታ አይወስድም፣ አየር አያስገባም። በደንብ የታሸገ ማርማላታ ዓመት ይቆይበታል። ክዳኑ መሀል ላይ ያለችው እብጠት ሲቀዘቅዝ «ጧ» ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች። ያቺ ድምፅ ለእኔ የማኅተም ያህል ናት። ማታ ሞልተን ቁጭ ስንል ጧ… ጧ… እያለ እንቆጥራለን። ያልጮኸው ጠርሙስ ለቤት ቁርስ ይቀራል።

ጉዳቱ ክብደቱና ስብራቱ ነው። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባዶ ጠርሙስ ብቻውን ከ150 ግራም ያላነሰ ይመዝናል። አንድ ካርቶን 24 ፍሬ ስታሸክሙ ከ3 ኪሎ በላይ የምትከፍሉት ለመስታወት ነው።

ስብራቱ ግን መላ አለው። የእኛ 11 ጠርሙስ ያለቀው እርስ በርሱ ስለተጋጨ ነው። መሀላቸው ምንም አልነበረም። አሁን ካርቶኑን በካርቶን ክፍልፍል እናደርገዋለን፣ ከሥርና ከላይ ደግሞ የጤፍ ጭድ በወረቀት ጠቅልለን እናደርጋለን። ጭዱ ደረቅ ይሁን። እርጥበት ካለው ይሻግታል፣ ሽታው ካርቶኑን ሁሉ ይይዘዋል። ከሁሉ በላይ የአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ አታስጭኑ። የአይሱዙ ሾፌር ለምናችሁ ጋቢና ውስጥ ይሻላል።

ሌላው ስብራት እዚያው ማድቤት የሚደርሰው ነው። የደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ። በዚያ ብርድ ያደረ ጠርሙስ ውስጥ 90 ዲግሪ ማርማላታ ስትገለብጡ ቂጡ ተቆርጦ ይቀራል። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆዩት፣ ሙቅ እንዳለ ሙሉት። ለማጽዳት ስትቀቅሉትም ከፍታውን አትርሱ። 10 ደቂቃ የሚለው ለባሕር ጠለል ነው፤ በየ300 ሜትሩ 1 ደቂቃ ጨምሩ። ባሕር ዳር 16፣ ደብረ ማርቆስ 18 ደቂቃ ይሆናል።

ከቆራሌው የሚገዛ ያገለገለ ጠርሙስ

እዚህ ነው ብዙዎቻችን የምንጀምረው፣ እኔም አልተለየሁም። ዋጋው ትንሽ ነው፣ መስታወቱም በደንብ ከታጠበ ምንም አይልም። ጫፉ የተሸረፈውን ግን አትግዙ። ጣታችሁን በአፉ ዙሪያ ስታሽከረክሩት ይነግራችኋል።

ችግሩ ክዳኑ ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ለስላሳ ቀለበት የቀድሞውን ሽታ ይይዛል። በማዮኔዝ ክዳን የተከደነ የኮክ ማርማላታ ቀምሻለሁ፤ ለጠላቴም አልመኘው። ቀለበቱ አንዴ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ በደንብ አያሽግም። ስለዚህ ጠርሙሱ ያገለገለ ቢሆንም ክዳኑ አዲስ ይሁን። እዚህ ላይ መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። የተለመዱት ክዳኖች 63፣ 66፣ 70 እና 82 ሚሊ ሜትር ናቸው። 63 እና 66 በዓይን አይለዩም። ሲገጥም የገጠመ ይመስላል፣ መንገድ ላይ ግን ያንጠባጥባል።

ሁለተኛው ችግር የተዘበራረቀ መልኩ ነው። አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንቡሽ። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይህ ያሳፍራል። ቤት ለቤትና ለቅዳሜ ገበያ ግን ያምርበታል። ሁሉንም አንድ የሚያደርግ ነገር ካለበሳችሁት፣ ለምሳሌ አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ ጉድለቱ ጌጥ ይሆናል።

ፕላስቲክ

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። ዕቃውን ገልብጡና ቂጡ ላይ ያለችውን ሦስት ማዕዘን እዩ። ውስጧ 1 ካለ ፔት ነው፣ የውሃ ኮዳ የሚሠራበት። እንደ መስታወት ይጠራል፣ ግን ከ70 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል። ትኩስ ማርማላታ ስንሞላበት ወገቡ እንደ ሰከረ ሰው ተጣመመ። ቀዝቅዞ ይሞላ ካልን ደግሞ ያ ሁሉ የማሸግ ጥቅም ይቀራል፣ ሻጋታም ይከተላል። 5 ካለ ፒፒ ነው። ትንሽ ደብዘዝ ይላል፣ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ይችላል። ፕላስቲክ ከመረጣችሁ 5 ቁጥርን ምረጡ።

ፕላስቲክ አይሰበርም፣ ቀላል ነው። ግን አየር ቀስ እያለ ያሳልፋል። ማንጎው በወራት ውስጥ ከላይ ይጠቁራል። ስለዚህ ቶሎ ለሚያልቅ ሥራ ነው፦ ለካፌ፣ ለዳቦ ቤት፣ ለሆቴል ቁርስ።

ቅድም የአየር ግፊት ያልኳችሁ እዚህ ይመጣል። በፎይል የሚታሸጉትን ትንንሽ ኩባያዎች ባሕር ዳር ላይ ቀዝቃዛ ሞልተን ላክን። ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ክዳናቸው እንደ ሕፃን ሆድ ተነፍቷል። አልተበላሹም ነበር። ከታች የታሸገው አየር ደጋ ሲወጣ ሰፋ እንጂ። ግን የተነፋ ክዳን ያየ ገዢ «ተበላሽቷል» ይላል፣ አይፈረድበትም። ትኩስ መሙላትና አፉ ላይ ብዙ አየር አለመተው ይህን ይቀንሰዋል።

ከረጢት

ቡና የሚሸጥበት ዓይነት፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ባለ ዚፕ ከረጢት። ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ ሙሉ ፊቱ ላይ ማተም ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ለማርማላታ ግን አልወደድኩትም። ዚፑ ጥርስ ውስጥ ማርማላታ ይገባና ሁለተኛ አይዘጋም። ከዚያ ጉንዳን ነው። ጫፉ ላይ የሚጠመዘዝ ቡሽ ያለው ይሻላል፤ ሆኖም ትኩስ እንዲሞላበት ተብሎ የተሠራ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ። መልሱ «ይችላል መሰለኝ» ከሆነ አንድ ገዝታችሁ ቤት ሞክሩ።

ቆርቆሮውን ልለፈው። ክዳኑን የሚያጥፍ ማሽን ይፈልጋል፣ የጓሮ ሥራ አይደለም።

የአገር ዕቃ፦ ደንገል፣ ቀርከሃ፣ ሸክላ፣ አገልግል

እዚህ ልቤ ያደላል፣ ግን እውነቱን ልናገር። እነዚህ ልብስ እንጂ ሆድ መሆን የለባቸውም። ማርማላታ ኮምጣጣ ነው። ያልተለበጠ ሸክላ ይመጥጠዋል፣ ያልባል፣ ያሸታል። የተለበጠ ሸክላ ደግሞ ልባጡ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ለአሲድ አይታመንም። ውስጡ ጠርሙስ ይሁን፣ ላዩ የፈለጋችሁት።

ደንገል የጣና ነው። ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ለጎብኚ የሚሸጡትን ትንንሽ ታንኳዎች አይታችኋል። አንዷን ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ እንድትይዝ አድርገው እንዲሠሩልን ጠየቅን። ማንጎ፣ ሎሚ፣ ኮክ ተደርድረው ታንኳ ላይ ሲቀመጡ ማብራሪያ አያስፈልግም። በፎቶ ያየው ሁሉ ዋጋ ይጠይቃል። ደንገሉ ግን በደንብ የደረቀ ይሁን፤ በክረምት ይሻግታል።

ቀርከሃ ከፈለጋችሁ እንጅባራ ናት። አንድ አንጓ ተቆርጦ ለጠርሙስ ካፖርት ይሆናል። እዚህ ላይ ጉዳት አይቻለሁ። ባልታከመ ቀርከሃ ውስጥ ነቀዝ ይገባል። ከሁለት ወር በኋላ መደርደሪያው ላይ ነጭ ዱቄት ፈሶ አገኘን። ዱቄት የሚያፈስ የምግብ ዕቃ ማን ይገዛል? ሠሪውን «ታክሟል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አገልግል ውድ ነው፣ አዲስ ቆዳውም ይሸታል። ለሠርግና ለፋሲካ ስጦታ ትንሿ ካልሆነች በቀር አልመክርም።

ባጭሩ

| መያዣ | ትኩስ ሙሌት | ዓባይ በረሃ | ቀለም መጠበቅ | ወጪ | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|---|
| አዲስ ጠርሙስ | በደንብ | ክፍልፍል ካለው | ጥሩ፣ ከፀሐይ ከተሸሸገ | ከፍ ያለ | ሱቅ፣ ሩቅ ገበያ |
| ያገለገለ ጠርሙስ፣ አዲስ ክዳን | በደንብ | ክፍልፍል ካለው | ጥሩ | ዝቅተኛ | ጀማሪ፣ ሰፈር |
| ፕላስቲክ 5 ቁጥር | ይችላል | አይሰበርም | በወራት ይጠቁራል | ዝቅተኛ | ካፌ፣ ሆቴል |
| ፕላስቲክ 1 ቁጥር | ይጣመማል | አይሰበርም | በወራት ይጠቁራል | ዝቅተኛ | ለማርማላታ አልመክርም |
| ከረጢት | እንደ ዓይነቱ | ያለ ችግር | መካከለኛ | ዝቅተኛ፣ ግን በብዛት | ብዙ የሚያመርት |
| ደንገል ወይም ቀርከሃ በጠርሙስ ላይ | ጠርሙሱ ይችላል | ጠርሙሱን ይደግፋል | ቀርከሃው ይጋርዳል | ከሁሉ ከፍተኛ | ስጦታ፣ ጎብኚ |

ልብሱ

መያዣው ከተመረጠ በኋላ ጨዋታው እዚህ ነው። ስህተትም የበዛው እዚሁ ነው።

ክብ ጠርሙስ ፊት ለፊት የሚያሳየው ከዙሪያው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠርሙስ ዙሪያው 22 ይሆናል፣ የሚታየው 7 ግድም። የመጀመሪያው ስቲከራችን ላይ «የደብረ ማርቆስ የኮክ ማርማላታ» ብለን ባንድ መስመር ጻፍን። መደርደሪያ ላይ የሚነበበው «ማርቆስ የኮክ» ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ «ማርቆስ ማነው?» ይለን ጀመር። አሁን «ኮክ» የሚለው ብቻ በትልቁ ነው፣ ሌላው ከሥሩ በትንሹ።

ሥዕልን በተመለከተ አንድ ወጣት ዲዛይነር ከዘጌ ገዳማት ግድግዳ የተቀዳ የመልአክ ፊት ይዞልን መጣ። በእውነት ያምር ነበር። አክስቴ አየት አድርጋ «ታዲያ ይኼ ኋላ ቆሻሻ ላይ ሊወድቅ ነው?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ከገዳሙ ቀለሙን ውሰዱ፣ የሐረጉን ጌጥ ተዋሱ፤ ቅዱሳኑን ግን ተዉ።

ገንዘብ ለሌለው ሰው የምመክረው የጎማ ማኅተም ነው። አንዴ ታስቀርጻላችሁ። ቡናማ ወፍራም ወረቀት ላይ እየመታችሁ በፈትል አንገቱ ላይ ታስሩታላችሁ። በእጅ የተፈተለ ክር ላይ የተንጠለጠለች ወረቀት ከብዙ ባለቀለም ስቲከር በልጣ ትታያለች። ክዳኑ ላይ ደግሞ ከልብስ ሰፊ የሚተርፍ የጥበብ ቁራጭ ጣል አድርጉ። ብጣሹን በነፃ የሚሰጥ አይጠፋም።

ስቲከር ካሳተማችሁ አንዱን ለጥፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት በእርጥብ አውራ ጣት እሹት። ቀለሙ ጣታችሁ ላይ ከመጣ አታሳትሙ።

ጽሑፉ ላይ የማይቀሩ ነገሮች አሉ። የምርቱ ስም፣ የገባበት ነገር ሁሉ ከብዙው ወደ ጥቂቱ፣ የተጣራ ክብደት፣ የሠሪው ስምና አድራሻ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የምርት መለያ ቁጥር። ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ግልጽ አድርጉ። አንድ ሆቴል የእኛን ቀን በፈረንጅ ቆጥሮ «ሰባት ዓመት ያለፈበት» ብሎ መልሶልናል። ክብደቱን ደግሞ በሚዛን ለኩ። ማርማላታ ከውሃ ስለሚከብድ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ከ300 ግራም በላይ ይገባል። «250 ግራም» ብላችሁ ስትጽፉ ትርፋችሁን በነፃ እየሰጣችሁ ነው።

እና ያስረጋችሁት በፔክቲን ከሆነ «የጾም» ብላችሁ ጻፉ። ፔክቲን ከፍራፍሬ የሚገኝ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቅቤና እንቁላል በሌለበት ቁርስ ላይ ያቺ ቃል ብቻዋን ትሸጣለች።

እናንተስ የትኛው?

ገና የምትጀምሩና እጃችሁ ላይ ብዙ ብር የሌለ ከሆነ ያገለገለ ጠርሙስ፣ አዲስ ክዳን፣ የጎማ ማኅተም። መጀመሪያ ሰፈር ሽጡ፣ በረሃውን አትሻገሩ።

ለካፌና ለሆቴል ከሆነ የምታስረክቡት ባለ 5 ቁጥር ፕላስቲክ ትልቁን ውሰዱ። ባዶውን መልሳችሁ አትሙሉት። ጌጥ ላይ ገንዘብ አታጥፉ፣ ማድቤት የሚያየው ወጥ ሠሪው ብቻ ነው።

ለአዲስ አበባ ሱቅ ከሆነ አዲስ ጠርሙስ፣ አንድ መጠን፣ አንድ ክዳን፣ ክፍልፍል ካርቶን። ሦስት መጠን ይዛችሁ አትጀምሩ፤ ክዳኑ ተቀላቅሎ ያሳብዳችኋል።

ለጎብኚና ለበዓል ለሚመጣ ዲያስፖራ ከሆነ ትንሿን ጠርሙስ አስቡ። በአብዛኞቹ ዓለም አቀፍ በረራዎች ማርማላታ ከፈሳሽ ጋር ስለሚቆጠር በእጅ ሻንጣ የሚገባው እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው። ትልቁን ከገዛ ፍተሻ ላይ ይወረስበታል። 100 ሚሊ ሊትር 130 ግራም ግድም ማርማላታ ይይዛል። ሦስቷን በደንገል ታንኳ ላይ ስታስቀምጡ ደግሞ ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ የተሻለ ዋጋ ታወጣለች።

የመረጣችሁትን በብዛት ከማዘዛችሁ በፊት ግን 6 ፍሬ ብቻ ሙሉ። አሽጉና ለምታውቁት የአይሱዙ ሾፌር ስጡት። ዓባይን ተሻግሮ ሲመለስ አብሮት ይመለስ። እኛ አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው። ባለፈው የላክነው ካርቶን 5 ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ። አልተሰበረም ነበር፤ ስድስተኛውን ሾፌሩ ጎሐ ጽዮን ላይ በዳቦ በልቶታል። «ክዳኑ ግን ጠንካራ ነው» አለኝ።